መብራት እየሄደ እየመጣ የሰራሁት ሊኑክስ

ውጤቱን ከፊት ልናገርና ወራጅ ያለ እዚሁ ይውረድ። ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው) ከዜሮ የሚያሰራው ሊኑክስ ፍሮም ስክራች ከ5 ኮከብ 4 አግኝቷል። ዋጋው ዜሮ ብር ነው። የፈጀብኝ 3 ሳምንት ነው። በመሀል አንድ ደህና ሲስተም በገዛ እጄ ገድያለሁ። ያም ሆኖ ድገመው ብባል እደግመዋለሁ። ግን ስክሪፕት፣ ማለት ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽመውን የትእዛዝ ዝርዝር፣ መጻፍ ሳትለምዱ እንዳትነኩት። ለምን እንደምል ረዘም አድርጌ ላውራችሁ።

ለማያውቀው ሰው፣ ኤልኤፍኤስ (እንዲህ አሳጥሬ ልጥራው) ተሰርቶ እንደሚመጣው ሊኑክስ፣ እንደ ኡቡንቱ፣ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ» የምትሉት ነገር አይደለም። መመሪያ ነው። ጄራርድ ቢክማንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ጀመረው፣ አሁን በጎ ፈቃደኞች በዓመት ሁለት ጊዜ እያደሱ በነጻ ይለቁታል። የሚሰጣችሁ ወደ 80 የሚጠጉ የሶርስ ኮድ ጥቅሎች ዝርዝርና እያንዳንዱ በምን ቅደም ተከተል ኮምፓይል እንደሚደረግ (ከተጻፈ ኮድ ወደሚሰራ ፕሮግራም እንደሚቀየር) ነው። የሲስተሙ እምብርት ከርነሉ፣ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ባሹ፣ ጽሑፍ ፈላጊው ግሬፑ፣ ሌላው ቀርቶ ፋይል ኮፒ የምታደርጉባት ትንሿ ትእዛዝ ሳትቀር በራሳችሁ ማሽን ትሰራለች። ጠላ ለመጠጣት ጌሾ ከመትከል መጀመር ማለት ነው። እብደት ነው፣ አልዋሽም።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና የፍላሽ ማጽዳት ስራ የምሰራባት ጠባብ ቤት አለችኝ። ወደዚህ እብደት የገባሁት በፍላሽ ቫይረስ በኩል ነው። የምታውቁት ነው፤ ፍላሹን ስትከፍቱት ፎልደሮቹ ሁሉ ጠፍተው በቦታቸው ሾርትከት ተኮልኩሎ ይጠብቃችኋል። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ዊንዶውስ ላይ ይህን ማስተካከል በቀን ሠላሳ ጊዜ ያሰለቻል። ሊኑክስ ላይ ግን ያ መደበቂያ ምልክት አይሰራም፣ ሁሉም ነገር እንዳለ ወለል ብሎ ይታያል። ፋይሉን ወደ ዲስክ ገልብጦ፣ ፍላሹን አጽድቶ መልሶ መገልበጥ በቂ ነው፤ ሲመለስ የመደበቂያ ምልክቱ አብሮት አይመለስም። ታዲያ ይህን በእጅ ከመስራት አንድ ስክሪፕት ብጽፍስ አልኩ።

ስክሪፕት ለመማር መጀመሪያ አንድ ማሰልጠኛ ነበር የገባሁት። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ሁለት ወር ሙሉ ትእዛዝ ከስላይድ ወደ ደብተር ገልብጠን፣ በወረቀት ተፈትነን ወጣን። ኪቦርድ የነካሁት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። ሰርተፍኬቱ ግን ደህና ወረቀት ላይ ነው የታተመው፣ የወረቀት ስራ ላይ ስላለሁ አውቃለሁ።

የተማርኩት ኋላ ሱቄ ቁጭ ብዬ ነው፣ ያውም በሦስት ነገር ብቻ። አንዱ «ማን» (man) የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሁለተኛው የባሽ የራሱ ሄልፕ ነው፤ ፎልደር መቀየሪያውን ሲዲን (cd) የመሰሉ ባሹ ሆድ ውስጥ ያሉ ትእዛዞችን በአጭሩ ያስረዳል። ሦስተኛው ሼልቼክ ነው። የጻፋችሁትን ስክሪፕት ያነብና እንደ ቁጡ የኔታ «እዚህ ጋ ጥቅስ ረሳህ፣ ይሄ መስመር ጉድ ይሰራሃል» ይላችኋል። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ቀድሜ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ የዚያችን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ አልሰርዝም ነበር።

እሱን ልንገራችሁማ። የመጀመሪያው ስክሪፕቴ የፍላሹን ፋይሎች ኤልኤስ (ls) በሚባለው ትእዛዝ ዘርዝሮ አንድ በአንድ ይገለብጥና ከዚያ ፍላሹን ያጸዳል። በስሌቱ ምንም ችግር የለበትም። ባሽ ግን ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ቃል ይቆርጣል፣ እኔም የፋይሉን ስም የያዘውን ቫሪያብል በጥቅስ አላጠርኩትም። የልጅቷ ፋይል ስም አራት ቃል ነበረው፣ መጨረሻው ላይ «የመጨረሻ 2» የሚል ጭምር። ስክሪፕቴ አራት የተለያየ ፋይል አድርጎ ፈለገው። አራቱንም አላገኘም፣ አራት የስህተት መስመር ጻፈና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ማጽጃው መስመር አለፈ። ደግነቱ ጽሑፉ አማካሪዋ ኢሜይል ላይ ነበረ። «አብሽር፣ አለኝ» ስትለኝ ነፍሴ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫሪያብል ያለ ጥቅስ አልጽፍም፣ መገልበጡ መሳካቱን ሳላረጋግጥም አልሰርዝም።

ይህን ሁሉ የማወራው ኤልኤፍኤስን ለመገምገም ስለሚያስፈልግ ነው። መመሪያውን ከፍታችሁ ትእዛዞቹን እየቀዳችሁ መለጠፍ ትችላላችሁ። ይሰራል። መጨረሻ ላይ የሚነሳ ሲስተም ታገኛላችሁ፣ ያወቃችሁት ግን ከቅዳና ለጥፍ ውጭ ምንም ላይሆን ይችላል። ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ነው፤ ኮከቡን በከፊል የቀነስኩትም ለዚህ ነው። ትእዛዞቹን ወደ ራሳችሁ ስክሪፕት እየቀየራችሁ ከሄዳችሁ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈ ሳይገባችሁ ስክሪፕት ውስጥ ልታስገቡት አትችሉም፣ ብታስገቡትም በማግስቱ ጉድ ያፈላባችኋል።

ወደ ስራው። ነሐሴ 2016 ላይ የወጣውን 12.2 የተባለውን የመመሪያውን እትም ነው የያዝኩት። ሁለት ዓይነት ነበረው፣ አንዱ በሲስቪኒት የሚነሳ፣ አንዱ በሲስተምዲ። ሲስቪኒትን መረጥኩ፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚሰራው ነገር በሙሉ ተከፍቶ የሚነበብ የሼል ስክሪፕት ነው። ስክሪፕት ለመማር ከሆነ የምትገቡበት ሌላ ምክንያት አያስፈልጋችሁም።

የሚወርደው በጠቅላላ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ትልቁ ፋይል ከርነሉ ነው። አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ እስከ መጨረሻው ኢንተርኔት አያስፈልግም። ይሄ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። በ2015 ማብቂያ ሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት የተቀመጥን ሰዎች ነን፤ «ለመቀጠል ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» የማይል ነገር ሳገኝ ደስ ይለኛል። ከጥቅሎቹ ጋር የማረጋገጫ ቁጥሮች ያሉት ፋይል አብሮ ይመጣል። ወዲያው አረጋግጡ። የኔ አንዱ ፋይል ግማሹ ብቻ ነበር የወረደው፣ በኋላ ቢሆን የማገኘው ስህተቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ እከርም ነበር።

ማሽኔ ከኮምቦልቻ የገዛኋት ያገለገለች ላፕቶፕ ናት። መመሪያው 4 ኮርና 8 ጊጋ ራም ይመክራል፣ የኔዋ የዚያ ግማሽ ናት። ከዲስኩ 30 ጊጋ ለየሁላት፣ አልጠበበኝም።

መመሪያው ጊዜን በደቂቃ አይነግራችሁም፤ ማሽን ሁሉ ስለሚለያይ። የመጀመሪያው ጥቅል ቢንዩቲልስ ነው፣ እሱ በናንተ ማሽን የፈጀው ጊዜ አንድ መለኪያ ይባላል፣ የሌላው ሁሉ በዚያ ይሰፈራል። በጣም ወድጄዋለሁ። በኔ ላፕቶፕ አንዱ መለኪያ 5 ደቂቃ ሆነ። ከዚያ ዝርዝሩን ሳይ ጂሲሲ፣ ማለትም ኮምፓይለሩ ራሱ፣ ከነፈተናው ከ40 በላይ ይላል። አስሉት። እናቴ ቡና አፍልታ ከአቦል እስከ በረካ ጨርሳ፣ ስኒ አጥባ፣ ጎረቤት ሸኝታ ስትመለስ ስክሪኑ ላይ ያው ጽሑፍ እየተንቆረቆረ ነው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ዛሬም አልበሰለም?» አለችኝ። «አብሽሪ እማ፣ ሊወጣ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነበር። የወጣው ለሊት ነው።

ታዲያ ደሴ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ መብራት አግኝቶ መስራት ዕድል ይጠይቃል። የላፕቶፗ ባትሪ ደግሞ 15 ደቂቃ ቢይዝ ነው። ቶሳ ላይ ጉም ሲወርድና ነጎድጓድ ሲጀምር ኪቦርዱን ትቼ መጸለይ ነው የቀረኝ። በዚህ ምክንያት ነው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያ ጉድ የደረሰብኝ።

ግሊብሲ ላይ ደርሼ ነበር። ግሊብሲ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት ላይብረሪ ነው፤ እሱ ከተናጋ የሚቆም ነገር የለም። መመሪያው እዚህ ደረጃ ላይ ሁለት ነገር አጥብቆ ይነግራችኋል። አንደኛ፣ ስራውን ሥልጣን በሌለው ተራ ተጠቃሚ ስም ስሩ። ሁለተኛ፣ የአዲሱ ሲስተም ፎልደር የት እንዳለ የሚይዝ አንድ ቫሪያብል አለ፣ ትእዛዞቹ ሁሉ በሱ ይጀምራሉ፣ ባዶ አለመሆኑን ሁልጊዜ አረጋግጡ። እኔ ሁለቱንም አንብቤያለሁ። ገብቶኝ ነበር እንኳን ማለት እችላለሁ።

መብራት ሄደ። ማሽኗ ጠፋች። ሲመጣ ተናድጄ ስለነበር ተጠቃሚ መቀያየሩን ተውኩትና ሁሉም በሚፈቀድለት ተጠቃሚ፣ በሩት፣ በቀጥታ ገባሁ። ቫሪያብሉን መሙላትም ረሳሁ። ባሽ ላይ ባዶ ቫሪያብል ጥፋት አይደለም፤ እንዳልተጻፈ ይቆጥረውና ቀሪውን ይፈጽማል። ስለዚህ «በአዲሱ ሲስተም ሊብ64 (የላይብረሪ ፎልደር ነው) ውስጥ ይህን ማያያዣ አስቀምጥ» የሚለው መስመር አዲሱ ሲስተም ከፊቱ ሲጠፋ «በደህናው ሲስተም ሊብ64 ውስጥ አስቀምጥ» ሆነ። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ማያያዣ ደግሞ እንዲሁ አይደለም፤ ማንኛውም ፕሮግራም ሊነሳ ሲል መጀመሪያ የሚጠራው ጫኚ የሚገኝበት አድራሻ ነው። ወደሌለ ቦታ አዞርኩት። ሩት ስለነበርኩ ደግሞ የሚከለክለኝ የለም።

ኤልኤስ አልኩ። «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለኝ። ፋይሉ አለ! እዚያው ነው ያለው! ሲፒ አልኩ፣ እንዲህ ያለ ፋይል የለም። ሱዶ፣ የለም። ሪቡት፣ የለም። የሌለው ጫኚው ነው፣ መልእክቱ ግን የጠራችሁት ፕሮግራም የጠፋ ያስመስለዋል። ባሹ ብቻ፣ ቀድሞ ተነስቶ ሜሞሪ ላይ ስለነበረ፣ በሕይወት አለ። እዚያች ሰዓት ነው በባሽ ሆድ ውስጥ ያሉ ትእዛዞችና ውጭ ያሉ ፕሮግራሞች ልዩነት አጥንቴ ድረስ የገባኝ። ሲዲ ይሰራል። የሰጡትን መልሶ የሚጽፈው ኢኮ ይሰራል። ኢኮ ብላችሁ የኮከብ ምልክት ብትጨምሩ የፎልደሩን ፋይሎች ይዘረዝርላችኋል፣ ያለ ኤልኤስ። ማሰልጠኛው ሁለት ወር ሙሉ ያላስተማረኝን ነገር በአምስት ደቂቃ ድንጋጤ ተማርኩት።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ አስነስቼ ያቺን አንድ ማያያዣ ወደ ቦታዋ መለስኳት፣ አለቀ። ግን እስክደርስበት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጥፋቱ የመመሪያው አይደለም፣ ያ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ ለዚሁ ነው የተፈጠረው። በሱ ስም ብሰራው ኖሮ «ፈቃድ የለህም» ብሎኝ ያበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስክሪፕቶቼ ሁሉ «ሴት ሰረዝ ዩ» (set -u) በሚለው መስመር ይጀምራሉ። ጭራሽ ምንም ያልተሰጠው ቫሪያብል ሲያገኝ እዚያው ይቆማል። አደገኛ ቦታ ላይ ደግሞ የቫሪያብሉን ስም በጥምዝ ቅንፍ አስገብቼ ከኋላው ኮለንና የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ፤ ባዶ ከሆነ ትእዛዙ ጭራሽ አይፈጸምም። ሁለት ምልክት ነው። ሁለት ቀን ያድናል።

«ሴት ሰረዝ ኢ» (set -e) ደግሞ አለ፤ አንድ ትእዛዝ ሲወድቅ ስክሪፕቱን ያቆማል ይባላል። ያቆማል፣ ግን ተጠንቀቁ። እኔ የኮምፓይሉን ውጤት በቧንቧ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) ወደ «ቲ» (tee) እያስተላለፍኩ በስክሪንም በፋይልም አስቀምጥ ነበር። ኮምፓይሉን የሚያካሂደው ሜክ ወደቀ፣ ስክሪፕቱ ግን በኩራት ወደሚቀጥለው ጥቅል ተሻገረ። ለካ በቧንቧ ስትቀጥሉ የሚታየው የመጨረሻው ትእዛዝ ውጤት ብቻ ነው፤ ቲ ደግሞ የስህተቱን መልእክት በሚገባ ጽፎ በሰላም ጨርሷል። ፓይፕፌይል የሚባለውን ማብራት ያስፈልጋል። ይህን ያወቅኩት አራት ጥቅል ካለፍኩ በኋላ ነው። አራቱንም ደገምኩ።

ለመብራቱ የሰራሁለት ብልሃት ግን እስካሁን ያኮራኛል፣ ቀላል ቢሆንም። እያንዳንዱ ጥቅል ተጭኖ ሲያልቅ ስክሪፕቱ በስሙ አንድ ባዶ ፋይል ይፈጥራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከመጀመሪያ አስነሳዋለሁ፤ ምልክት ያለበትን እየዘለለ ምልክት የሌለበት ጋ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ግማሽ የተሰራውን ፎልደር ይሰርዝና ከታሩ፣ ማለት ከታሸገው ፋይል፣ እንደገና ይፈታል። መሰረዙ ግዴታ ነው፤ ግማሽ የተቦካ ሊጥ ላይ ዱቄት መጨመር ይሆናል ካልሆነ። ከምዕራፍ 7 ጀምሮ ደግሞ ስራው ችሩት ውስጥ ነው፣ ማለት አዲሱ ፎልደር ራሱን የቻለ ሲስተም መስሎ በሩ ተዘግቶበት ነው የምትሰሩት። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር የከርነሉን ልዩ ፎልደሮች ዴቭን፣ ፕሮክን፣ ሲስን እንደገና አያይዞ መግባት አለባችሁ። ለሱም አንድ ስክሪፕት ጻፍኩ። ስሙን «መብራት መጣ» አልኩት። ከሁሉም በላይ የተጠቀምኩት እሱን ነው።

የከርነሉ ክፍል ላይ መመሪያው ትንሽ ይቸኩላል። የምርጫ ዝርዝሩ ባሕር ነው፣ እነሱ ግድ የሆኑትን ጥቂቶች ብቻ ይነግሯችኋል፣ የቀረው በናንተ ማሽን ይወሰናል። እኔ የዲስኩን ድራይቨር ሞጁል፣ ማለት ከከርነሉ ውጭ ተቀምጦ ሲፈለግ የሚጫን፣ አድርጌ ተውኩት። ሞጁሉ ያለው ዲስኩ ላይ ነው፣ ዲስኩን ለማንበብ ደግሞ ሞጁሉ ያስፈልጋል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን መቆለፍ። መጀመሪያ ሳስነሳው ከርነል ፓኒክ ብሎ ቆመ፣ ዋናውን ፋይል ሲስተም ማግኘት አልቻልኩም አለ። ድራይቨሩን ከርነሉ ውስጥ ገብቶ እንዲሰራ አድርጌ መልሼ ኮምፓይል አደረግኩት። ተነሳ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ «ሎጊን» የሚል አንድ መስመር። ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር፣ ሱቁን ዘግቼ ዝም ብዬ አየሁት።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ነገር ልንገራችሁ። ከ80ዎቹ ጥቅሎች አንዱ ኬቢዲ ይባላል፣ ለኮንሶሉ፣ ማለት ግራፊክስ ለሌለው የጽሑፍ ስክሪን፣ ኪቦርድና ፎንት የሚያስቀምጥ ነው። የፎንት ፎልደሩን እንዲሁ ስዘረዝር «ጎሃ» የሚል ስም አየሁ። ጎሃ! ከጎኑ ደግሞ «ጎሃ ክላሲክ»። «ሴትፎንት» (setfont) ብዬ ጎሃ 16ን ጠራሁትና በዋናው ሲስተም ጽፌ ያመጣሁትን የአማርኛ ፋይል በካት ከፈትኩት። ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ግራፊክስ የለ፣ ዴስክቶፕ የለ፣ ባዶ ኮንሶል ላይ ግዕዝ ፊደል። ኮንሶሉ በአንድ ፎንት ከ512 ቅርጽ በላይ አይዝም፣ የኛ ፊደል እዚያ ውስጥ ተጣጥፎ ገብቷል። እንደ ዓረብኛ ፊደል ከፊደል መቀጣጠል ስለሌለበትም ሳይበላሽ ይወጣል። በእጄ የሰራሁት ሲስተም ውስጥ ሳላውቀው ሲጠብቀኝ ነበር። ይህ ብቻ ሁለት ኮከብ ይገባዋል።

ግሊብሲ ደግሞ የኢትዮጵያ አማርኛ ሎኬል (የቋንቋና የቀን አጻጻፍ ደንብ) አለው፣ በሎካልዴፍ ታስገቡታላችሁ። «ዴት» (date) ስትሉ ቀኑን ሰኞ፣ ማክሰኞ ብሎ ይነግራችኋል። ወሩ ላይ ግን ቅር ይላል፤ ስሙን በአማርኛ ፊደል ይጽፈዋል እንጂ ወሩ የፈረንጅ ነው። ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ፣ ከ20 መስመር ያነሰ ስክሪፕት።

ስሌቱን ለሚወድ ሰው ልተውለት። ኮምፒውተሩ ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ በኛ ታኅሣሥ 23፣ 1962 መሆኑ ነው። ለግሪንዊች 3 ሰዓት ጨምራችሁ ለ86400 ስታካፍሉት ቀናቱን ታገኛላችሁ። በዚያ ላይ 716732 ደምሩና ለ1461 አካፍሉ፤ ይህ ሦስት ተራ ዓመትና አንድ ጳጉሜን 6 ያላት ዓመት ሲደመሩ ነው። ከድርሻውና ከቀሪው ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ ይወጣሉ። ባሽ ነጥብ ያለው ቁጥር አያውቅም፣ ሲያካፍል ትርፉን ይጥለዋል፤ ሌላ ጊዜ የሚያናድደው ይሄ ነገር እዚህ ላይ በትክክል የሚፈለገው ሆነ። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ደግሞ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ እሱንም ጨመርኩ። የጎረቤት ሱቅ ያለው ወንድማችን «የሂጅራውንስ?» አለኝ። እሱ በጨረቃ ነው የሚሄደው፣ ገና አልደፈርኩትም።

ሰዓቱን ወደኛ ለማምጣት 6 መቀነስ ብቻ መሰለኝ። ሰራ። ከዚያ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስህተት ሰጠ። 4 ሰዓት ላይ ሳየው ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ። ሰይጣን የገባበት መሰለኝ። ለካ ዴት ሰዓቱን በፊት ዜሮ ጨምሮ 08፣ 09 ብሎ ነው የሚሰጠው፣ ባሽ ደግሞ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ሲያይ በስምንት ቤት የሚቆጠር ይመስለዋል። በስምንት ቤት ውስጥ 8 እና 9 የሉም። እስከ 07 ምንም አይልም፣ 10 ላይም ምንም አይልም። በኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 እና 3 ሰዓት ላይ ብቻ የሚታመም ስክሪፕት! ከቁጥሩ በፊት 10 ብሎ የፓውንድ ምልክት (#) ማድረግ ነው መድኃኒቱ።

እንግዲህ አንዷ ኮከብ። ከፊሉን ከላይ ብያለሁ። ሌላው፣ ስትጨርሱ የምታገኙት ሲስተም ከኢንተርኔት እንደልብ ማውረድ አይችልም። ደብልዩጌት የለበትም፣ ከርል የለበትም፣ ለዋይፋይ የሚያስፈልገው ፕሮግራምም የለበትም። እነዚህ ሁሉ ቀጥሎ ባለው ቢኤልኤፍኤስ በሚባለው ተከታይ መመሪያ ውስጥ ናቸው፣ በሌላ ሲስተም አውርዳችሁ ማምጣት አለባችሁ። ጥቅል የሚያስተዳድር ነገርም የለም። የደህንነት ቀዳዳ ተገኘ ከተባለ ራሳችሁ አውርዳችሁ ራሳችሁ ኮምፓይል ታደርጋላችሁ። የዕለት ሥራ የሚሰራበት ማሽን ላይ እንዳትሞክሩት። ባንክ ምናምን የምትከፍቱበት ላይማ በጭራሽ። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ አጠገቡ ይቀመጥ።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን ቀላል እንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ መዝገበ ቃላት ይዞ ይወጣዋል። ለማን ነው የምመክረው? ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ልጅ፣ ክረምት ላይ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ካለው። መጀመሪያ ግን አንድ ወር ስክሪፕት ይጻፍ፤ ለራሱ የሚጠቅመውን፣ የፎቶ ስም መቀየሪያም ቢሆን። ሲስተም በእጁ ሳይገድል ከጨረሰ ከኔ ይበልጣል።

የኔዋ አሁን ሱቅ ጥግ ላይ ተቀምጣ ፍላሽ ብቻ ታጸዳለች። መጀመሪያ ላይ ፍላሽ አላነብም ብላኝ ነበር፣ ከርነሉ ላይ ቪፋት ለሚባለው የፍላሽ ፎርማት የሚያስፈልገውን የ437 ኮድ ገጽ (የፊደል ሰንጠረዥ ነው) ስለረሳሁ። አሁን ይሰካል፣ ትገለብጣለች፣ ታጸዳለች፣ ትመልሳለች። ከላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዘመኑን በአማርኛ ትጽፋለች። ባለፈው ማክሰኞ አንድ አባት ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው ረጅም ሰዓት ሲያዩዋት ቆዩ።

«ልጄ፣ የልጄ ላፕቶፕ አለች። በዚህ በአማርኛው ፎርማት ብታደርግልኝ ስንት ነው?»

«አባባ፣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል» አልኳቸው።

«ተወው በቃ፣ ማመልከቻውን ጻፍልኝ» አሉኝ።